ቁልፉ ማን ጋ ነው?

እስኪ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ትምህርት ቤታችሁ ኮሪደር ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅላ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከእንጨት የተሠራች፣ አናቷ ላይ ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ ያላት፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር የተንጠለጠለባት። አቧራ ለብሳለች። ለምን ባዶዋን እንደምትከርም ሁሉም ሰው ያውቃል። «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ተብሏል፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ግን ያለው ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው። ቅሬታው ደግሞ ስለ ኃላፊው ነው። የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ አንድ ቢሮ አብረው ለሚውሉ ሰዎች እንደ መልክ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማንም አይጽፍም። ዓመቱ ሲያልቅም «የቀረበ ቅሬታ የለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ዛሬ ያቺ ሳጥን ስልካችን ውስጥ ገብታለች። «ስም ሳይታወቅ ኢሜል መላኪያ» ብላችሁ ብትፈልጉ የአፕና የድረ ገጽ መዓት ይደረደርላችኋል። አካውንት መክፈት የለም፣ ፓስወርድ የለም፣ ስም የሚጠይቅ የለም። የተቀባዩን አድራሻ ታስገባላችሁ፣ መልእክቱን ትጽፋላችሁ፣ «ላክ» የምትለዋን ትነካላችሁ፣ አለቀ። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው። ግን ያቺ የድሮዋ ጥያቄ አብራ መጥታለች፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ይህን የምንጽፈው «ስም-አልባ ኢሜል አትጠቀሙ» ለማለት አይደለም። ስም ሳይገለጽ መናገር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አለ። ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህ መላኪያዎች ስማችሁን አያጠፉትም፤ ለሌላ ሰው አደራ ይሰጡታል። አደራ ደግሞ ተቀባዩን ሳያውቁት አይሰጥም።

ስም መቀየር ዱካ ማጥፋት አይደለም

ኢሜል ሲጀመር በመተማመን ላይ የተሠራ ነገር ነው። ዛሬም ድረስ መልእክት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሻገርበት ደንብ መሠረቱ የተጻፈው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ደንብ «ላኪ» በሚለው ቦታ ላይ የሚሰፍረው ስም ፖስታ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንደሚጻፍ ስም ነበር። «ከአጎትህ» ብሎ የጻፈው ሁሉ አጎት አይደለም፤ መታወቂያ የሚጠይቅም የለም። በኋላ ማጭበርበሩ ሲበዛ፣ «ይህ መልእክት እውነት ከዚህ ድርጅት ነው የመጣው?» ብለው ተቀባይ ሰርቨሮች የሚያጣሩበት ዘዴ ተጨመረ። በሐሰተኛ ስም የሚላክ ብዙ መልእክት ዛሬ ስፓም ውስጥ ገብቶ የሚቀረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ ስም መቀየርና ዱካ ማጥፋት ለየቅል ናቸው። ኢሜል በመንገዱ ላይ ማኅተም ይሰበስባል። ያለፈበት ሰርቨር ሁሉ የራሱን ምልክትና ሰዓቱን ያትምበታል፤ እኛ ስልካችን ላይ የምናነበው የመልእክቱን ሆድ ብቻ ነው። ጂሜልን በኮምፒውተር ከፍታችሁ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምርጫ ብትነኩ ማኅተሞቹ ተደርድረው ታዩአቸዋላችሁ። አንዳንዱ አገልግሎት የላኪውን አይፒ አድራሻ እዚያው ላይ ይጽፋል። ሌላው ከመልእክቱ ላይ ያነሣውና በራሱ መዝገብ ያስቀምጠዋል። ይቺ ልዩነት ትልቅ ናት። ከተቀባዩ ተሰወረ ማለት ከሁሉም ተሰወረ ማለት አይደለም። አይፒ አድራሻው ደግሞ ተከትለው ከሄዱበት የካፌው ዋይፋይ ጋ ወይም በመታወቂያችሁ ያወጣችሁት ሲም ካርድ ጋ ያደርሳል።

የሄልሲንኪው መዝገብ

ይህን ነገር ደህና አድርጎ የሚያስረዳ ታሪክ የተፈጸመው ፊንላንድ ውስጥ ነው። ዮሃን ሄልሲንጊየስ የሚባል ሰው በ1993 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ «ፔኔት» ተብሎ የሚታወቅ ነፃ አገልግሎት ጀመረ። አሠራሩ ለማንም የሚገባ ነበር። መልእክታችሁን ወደ እሱ ሰርቨር ትልካላችሁ፤ ሰርቨሩ ስማችሁንና አድራሻችሁን ይፍቅና በምትኩ ቁጥር ሰጥቶ ወደምትፈልጉበት ያስተላልፋል። መልስ የሚጽፍላችሁ ሰው ለቁጥሯ ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ለእናንተ ያደርሳል። ሰው ወደደው። በፊት ለፊት ሊያወሩት የሚከብዳቸውን የደረሰባቸውን ጥቃት የሚያወሩ ሰዎች ሳይቀሩ ተጠቀሙበት። በስተመጨረሻ ከ500 ሺህ በላይ ተጠቃሚ ነበረው።

ግን አስቡት። መልሱን ለባለቤቱ ለማድረስ ሰርቨሩ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስለዚህ መዝገብ ነበረ። የዚያ ሁሉ ሰው ምስጢር አንድ ሰው እጅ ላይ፣ አንድ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. ቸርች ኦፍ ሳይንቶሎጂ የተባለው ተቋም፣ ከኮምፒውተሬ የተሰረቀ ፋይል በዚህ አገልግሎት በኩል ወጥቷል ብሎ አመለከተ። የፊንላንድ ፖሊስ ማዘዣ ይዞ መጣ። ሄልሲንጊየስ አጣብቂኝ ውስጥ ገባ፤ አንዱን ስም ካልሰጠ መዝገቡ በሙሉ ሊወሰድበት ነው። አንዱን ስም ሰጠ። በዓመቱ ፍርድ ቤት ሌላ ስም ስጥ ሲለው፣ በኦገስት 1996 አገልግሎቱን ዘጋው።

ልብ በሉ፣ ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም። አገልግሎቱ ነፃ ነበር፤ የቻለውንም ያህል ተከራክሯል። አደራ በላ የሚባል ሰው አይደለም። ሆኖም ጥሩ ሰው መሆኑ መዝገቡን አላዳነውም። መዝገብ ካለ አንድ ቀን የሚጠይቀው ይመጣል።

«ይሄ የድሮ ነገር ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ከ25 ዓመት በኋላ ምን እንደሆነ እንይ። ስዊዘርላንድ የሚገኘው ፕሮቶንሜል የመልእክቱን ይዘት ባለቤቱ ራሱ እንኳን እንዳያነበው አድርጎ የሚቆልፍ፣ በዓለም የተከበረ አገልግሎት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ፖሊስ በመጣ ጥያቄ የስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ሕጋዊ ትእዛዝ ሲሰጡት፣ የአንድ የአየር ንብረት ተሟጋች አይፒ አድራሻ መዝግቦ አስረከበ። የመልእክቱን ይዘት አልሰጠም፤ ሊሰጥም አይችልም ነበር። አይፒ አድራሻው ግን ሰውየውን ለማግኘት በቂ ሆነ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ አይፒ አንመዘግብም ይል የነበረውን የድረ ገጹን ጽሑፍ አስተካከለ።

እንግዲህ በስሙ የሚታወቅ፣ አድራሻ ያለው፣ በሕግ የሚጠየቅ ድርጅት እንኳን እንዲህ ከሆነ፣ ትናንት ማታ ያወረድናት አፕ ባለቤቷ ማን ነው? የት አገር ነው? ከምንስ ይበላል? ስም-አልባ መልእክት ልላክላችሁ ብሎ የስልክ ማውጫችሁንና ያላችሁበትን ቦታ ልይ የሚል አፕ፣ ውኃ ልጠጣ ብሎ ገብቶ ጓዳ እንደሚፈትሽ እንግዳ ነው። ቪፒኤንም ከዚህ አያመልጥም። አገልግሎት በተዘጋ ቁጥር ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ማውረድ ለምደናል። ቪፒኤን መንገዳችሁን ከቴሌ ሊሸፍን ይችላል፤ ለቪፒኤኑ ባለቤት ግን መንገዱን በሙሉ ያሳየዋል። ቁልፉ ኪስ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

አደራን መከፋፈል

መፍትሔው ታማኝ ሰው መፈለግ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ዴቪድ ቾም የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ምሁር ፔኔት ከመፈጠሩ በፊት፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሌላ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ በአጭሩ «ቁልፉን ለአንድ ሰው አትስጡ» የሚል ነው።

እንዲህ አስቡት። አንድ ደብዳቤ በሦስት ፖስታ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋችሁ አሸጋችሁ። ለመጀመሪያው ሰው ሰጣችሁት። እሱ የላይኛውን ፖስታ ሲቀደው የሁለተኛውን ሰው አድራሻ ብቻ ያገኛል፤ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ይቀዳል፣ የሦስተኛውን አድራሻ ያገኛል። ሦስተኛው ለባለቤቱ ያደርሳል። የመጀመሪያው እናንተን ያውቃል፤ ደብዳቤው የት እንደሚደርስ ግን አያውቅም። የመጨረሻው የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ከማን እንደመጣ ግን አያውቅም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ብዙ ደብዳቤ እስኪጠራቀምለት ይጠብቅና አደባልቆ ይልካል፤ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳይለይ።

በ1990ዎቹ የመጣው ሚክስማስተር የሚባለው የኢሜል መላኪያ ሶፍትዌር በዚህ ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት ቶርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ፍጥነት ስለሚፈልግ ማቆየቱንና ማደባለቁን ትቶ፣ በንብርብር አሽጎ በሦስት እጅ ማሳለፉን ይዟል። ከአፕ ስቶር ከምናወርዳቸው «ላክና እርሳው» ከሚሉት አገልግሎቶች የሚለዩት በዚህ ነው። አንድ ሰው ቢከዳ፣ አንድ ሰርቨር ቢወረስ እንኳን ታሪኩ በሙሉ አይወጣም።

ሕዝብ ከሌለ መደበቂያ የለም

ግን ሶፍትዌሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አያልቅም። በዲሴምበር 2013 አሜሪካ ውስጥ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የ20 ዓመት ወጣት ፈተና ለማምለጥ ብሎ «ቦምብ ተጠምዷል» የሚል የሐሰት ኢሜል ላከ። ጅል አልነበረም፤ ለአንድ አፍታ የሚያገለግል የኢሜል አድራሻ ተጠቀመ፣ በዚያ ላይ በቶር በኩል ነው የገባው። ሕንጻዎች ባዶ ተደረጉ፣ ፈተና ተቋረጠ። መርማሪዎች ኢሜሉ በቶር እንደመጣ አወቁ። ቶርን አልሰበሩትም። የዩኒቨርሲቲውን ዋይፋይ መዝገብ ከፍተው፣ በዚያ ሰዓት አካባቢ ከግቢው ማን ቶር እንደተጠቀመ አዩ። ልጁ ጋ ደረሱ፤ ሲጠየቅም አመነ።

ከዚህ የምንማረው ለሌባም ለቅንም ይሠራል። ጭምብል የሚያገለግለው ጭምብል የለበሰ ብዙ ሰው መሐል ሲሆን ነው። ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን ጭምብል አድርጎ የሚሄድ ሰው እንዲያውም ይበልጥ ይታያል። ወደ እኛ ቢሮ ስናመጣው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የተሰረቀውን ገንዘብ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ከሦስቱ አንዷ እናንተ ከሆናችሁ፣ የዓለም ሶፍትዌር በሙሉ ቢሰበሰብ አይሸፍናችሁም። የሚያጋልጣችሁ አይፒ አድራሻ ሳይሆን ወሬው ራሱ ነው።

ይዘጋ ወይስ ይኑር?

እስቲ ሁለት ወጣቶችን በሐሳባችን እንሳል። አንዷ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ሲከፈልበት አይታለች፤ የፈረመው አለቃዋ ነው። የቤት ኪራይ አለባት፣ እናቷን ትጦራለች። ሌላዋ በየሌሊቱ ከማያውቁት አድራሻ «ፎቶሽን እበትነዋለሁ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። የመጀመሪያዋን የሚያድናት መሣሪያ ሁለተኛዋን እንቅልፍ የነሳት መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ይዘጋ» የሚሉ አሉ። ስሜታቸው ይገባናል፤ መልሱ ግን ትክክል አይመስለንም።

አስፈራሪው ብዙውን ጊዜ ይደጋግማል፤ የደጋገመ ደግሞ ዱካ ይተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ኃላፊ ዴቪድ ፔትሬየስ ከሥልጣን እንዲለቅ ያደረገው ምርመራ የጀመረው በስም-አልባ የማስፈራሪያ ኢሜሎች ነው። እንደተዘገበው መርማሪዎች ኢሜሎቹ የተላኩባቸውን ሆቴሎች ከእንግዶች ስም ዝርዝር ጋር እያመሳከሩ የጻፈችው ሴት ጋ ደረሱ። እኛም አገር ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት ሰውን ማስፈራራትን በእስራት ያስቀጣል፤ አገልግሎት ሰጪዎችም የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት የሚደርሳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በንዴት አታጥፉት። ስክሪንሾት ብቻም አይበቃም፤ ያ ከላይ ያልነው ማኅተም ያለው ዋናው መልእክት ላይ ነው። ዋናውን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ።

ቢዘጋ የሚጎዳው እንግዲህ አስፈራሪው ሳይሆን የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት። አስፈራሪው ሌላ ሲም፣ ሌላ የቴሌግራም አካውንት ያገኛል። እሷ ግን ዝም ትላለች። አገር ደግሞ ሰዎቿ ዝም ሲሉ ምን እንደሚሆን አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ «እረኛ ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁት እኮ ስሙ የማይታወቅ ሰው ያንጎራጎረው ነገር ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሚነገረው ይልቅ እውነት ሊሆን እንደሚችል ስለገባቸው ነው።

በሌላ በኩል «ጠቋሚ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ክፉ ትዝታ አለው። በቀይ ሽብር ጊዜ በጥቆማ ልጁን ያጣ ቤት ብዙ ነው። ይህን መርሳት አይገባም። ስም-አልባ ጥቆማ የምርመራ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ፍርድማ ጭራሽ አይደለም። የፓናማ ሰነዶች የሚባሉትን አስታውሱ። ስሙን ያልገለጸ ሰው 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ለአንድ የጀርመን ጋዜጣ ሰጠ። በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ሲታተም የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሥልጣን ለቀቁ። ያ የሆነው ግን «አንድ ሰው እንዲህ አለ» ስለተባለ አይደለም። ከ370 በላይ ጋዜጠኞች ወራት ፈጅተው ሰነዱን ስላጣሩት ነው። ሰጪው ስሙን ሸሸገ፤ እውነቱ ግን በአደባባይ ተመረመረ።

ከመሥሪያ ቤቶችና ከመንግሥት የምንጠይቀውም ከዚህ የሚነሳ ነው። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ወረቀቱ አለ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ግን በአዋጁ ከመተማመን ይልቅ ያልታወቀ አፕ ላይ መተማመን ከመረጠች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጥቆማ መቀበያ ቁልፉ ከተከሳሹ እጅ መውጣት አለበት። የውስጥ ኦዲት ጥቆማ ለሚጠቆምበት ኃላፊ ሪፖርት በሚደረግበት ቤት፣ ሳጥኗ ዲጂታል ሆነች አልሆነች ለውጥ የለውም።

ከመላካችሁ በፊት

እስከዚያው ድረስ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የምደበቀው ከማን ነው?

ከማስታወቂያና ከስፓም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የአፕል «ሃይድ ማይ ኢሜል» ወይም «ፋየርፎክስ ሪሌይ» ምትክ አድራሻ ይሰጣችኋል፤ ለድረ ገጽ ምዝገባ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጠብቁባቸው።

ከአለቃ ወይም ከምታውቁት ሰው ከሆነ በቢሮ ኮምፒውተርና በቢሮ ዋይፋይ አንዲት ቃል አትጻፉ። ፎቶ ስታያይዙ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት በውስጡ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል አትርሱ፤ የወርድ ፋይልም የጻፈውን ሰው ስም ይይዛል። ከሁሉ በላይ የጻፋችሁትን እንደ አለቃችሁ ሆናችሁ አንብቡት። «ይሄን የሚያውቀው ማን ነው?» ሲል ስንት ስም ይመጣለታል?

ሥልጣንና ጉልበት ካለው አካል ከሆነ ደግሞ ነፃ አፕ ላይ ሕይወታችሁን አታስይዙ። በውጭ አገር ትልልቅ ጋዜጦች ለዚህ ብለው በቶር ላይ የተሠራ «ሴኪዩርድሮፕ» የሚባል መቀበያ ያኖራሉ፤ እሱ እንኳን ጥንቃቄ ለማያውቅ ሰው ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ የሕግ ሰው አማክሩ። መቼ እንደምትናገሩና ለማን እንደምትናገሩ ማወቅ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

ያቺ አቧራ የለበሰች ሳጥን አንድ ነገር ታስተምረናለች። ሰው ዝም የሚለው የሚናገረው ስላጣ አይደለም፤ ቁልፉ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ስልካችን ላይ ያለችው ሳጥን ግን ቁልፏን ሳናይ ወረቀት እንድንጨምር ታደርገናለች። ስለዚህ «ላክ» የምትለዋን ከመንካታችሁ በፊት ትንሽ ቆም በሉ፤ ስማችሁን ለማን አደራ እንደሰጣችሁ እወቁ።